ሰባት ቀለህ በሎሚ

ድክመቴን ራሴው ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ይሻላል። «አላውቅም» የምትባለዋን ቃል መናገር አልችልም። ምላሴ ጫፍ ላይ ትደርስና ትመለሳለች። ሰው መንገድ ከጠየቀኝ ረግጬው የማላውቀውን ሰፈር ሳይቀር በእጄ እየጠቆምኩ እልከዋለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በእኔ ምሪት ስንቱ ጠፍቶ እንደቀረ እግዜር ይቁጠረው።

ሥራዬ ጥገና ነው። ከሰሊጥ መጋዘኖቹ በስተጀርባ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር፣ ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የላምባ ምድጃ እፈታለሁ፣ እምቢ ያለ ቁልፍ እከፍታለሁ፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ እበይዳለሁ። ፈትቼ መልሼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈኛል። የተረፈውን በጣሳ አጠራቅማለሁ። ጣሳው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ደንበኞቼ ግን እስካሁን አልተጣሉኝም፤ ምድጃው ይነዳላ!

ከሱቄ ፊት ለፊት ሐዋ ሻይ ትሸጣለች። ሱዳናዊት ናት። ከጎንደር ከሚመጣው የእርሻ ሠራተኛ ጋር ስትውል አማርኛችንን አሳምራ ለምዳዋለች፤ ስትቆጣ ግን ወደ አረብኛዋ ትመለሳለች። ከእኔ ጋር ባብዛኛው የምታወራው በአረብኛ ነው።

በጥር ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት አያ ደሴ ከድንበሩ አጠገብ ካለችው መንደር ከባሱንዳ መጡ። አያ ደሴ የመተማ በረሃ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ባሱንዳ የሰው ማሽላ ይጠብቃሉ። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ሲቀመጡ እንኳ ትከሻቸው ላይ ጠመንጃ ያለ ይመስል ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ። ጠመንጃው ግን የለም፤ ድንበር ሲሻገሩ እዚያው ማዶ ቀርቷል።

ከጉያቸው የተቋጠረ ጨርቅ አወጡና ቀስ ብለው ፈቱት። ሰባት ቀለህ። ተተኩሶ ያለቀ ጥይት ባዶ ናሱ ማለት ነው። ገላው የጠቆረ፣ አፉ ላይ ጥላሸት የተጋገረበት።

«ይኸን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አሳምሬ!» አልኩ። ጥያቄው ገና አልተጀመረም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው ጥሩወርቅ የተወለደች ዕለት አዋላጇ ከጎጆው ብቅ ብላ ሦስት ጊዜ እልል አለችና ዝም አለች። በአገሩ ደንብ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። አያ ደሴ ደጅ ቆመው እየቆጠሩ ኖሮ ሦስት ላይ ሲቆምባቸው ደማቸው ፈላ። «የቀሩትን አራቱን ማን በላቸው?» ብለው ጠመንጃቸውን አንስተው ወደ ሰማይ ሰባት ጊዜ ተኮሱ። ጎረቤት ሽፍታ መጣ ብሎ ግማሹ ጫካ ገባ፣ ግማሹ ለእርዳታ ደረሰ። ጉዳዩን ሲሰማ «ለሴት ልጅ ሰባት ጥይት! ደሴ አበደ» ተብሎ በየጠላ ቤቱ ተሳቀባቸው። እሳቸው ግን ቀለሆቹን ከሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅመው አስቀመጡ። የልጅቱ እናት ስትሞት፣ አገር ሲለቀቅ፣ ድንበር ሲታለፍ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ሰባቱ ቀለህ ግን ከጉያቸው አልወጣም።

«እሑድ ልድራት ነው» አሉኝ። «ወርቅ የለኝ፣ ከብት የለኝ። ይኸንን በቀይ ክር ሰክቼ አንገቷ ላይ ላስርላት አሰብሁ። ስትወለድ አባቷ ሰባት ጊዜ እንደተኮሰላት የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም። ቀለሁ ይመስክርልኝ ብዬ ነው። ግን ይኸ ጥላሸት!» አሉና ጣታቸውን በአንዱ ቀለህ አፍ አሽተው አሳዩኝ፤ ጥቁር ሆነ። «ቀሚሷ ነጭ ነው። ስንት ወር ሰሊጥ አጭዳ ያሰፋችው ነው። በሰርጓ ቀን አባቷ እንዲያጠቁርባት አይገባም አይዶል? ያ ሰው እጁ መድኃኒት ነው ቢሉኝ መጣሁ።»

እጁ መድኃኒት ነው! ይኸን ያለኝ ሰው ዝሆን ጠግን ቢለኝም እቀበላለሁ።

«ይህማ የልጅ ሥራ ነው» አልኳቸው። «እንደ ወርቅ አብረቅርቄ እሑድ ጠዋት ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«እንግዲያ ሰርጉንም ጠርቼሃለሁ» ብለው ጨርቁን ትተውልኝ ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

ናስ በሎሚና በጨው እንደሚጠራ አውቃለሁ። ይህቺን ብቻ በእውነት አውቃለሁ። የምድጃዎቼን ናስ የማጠራው በዚያ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ አውጥቶ በውሃ ማለቅለቅ። ይህ ግን የሰርግ ዕቃ ነው። ትንሽ ሎሚ ትንሽ ካጠራ ብዙ ሎሚ ብዙ ያጠራል ብዬ አሥራ ሁለት ሎሚ ጨመቅሁበትና አሳደርኩት።

ሐዋ አየችኝ። «ያ ኡስጣ፣ ዐረዴብ ይሻላል» አለችኝ። ኡስጣ ባለሙያ ማለት ነው፤ ዐረዴብ ደግሞ ሱዳኖች በጥብጠው የሚጠጡት ኮምጣጣ ፍሬ ነው። «እናቴ የናስ ትሪዋን በሱ ነበር የምታሸው። ደግሞ አታሳድረው።» ከሃያ ዓመት በላይ ናስ የጨበጥኩ ሰው ሻይ ሻጭ ልትመክረኝ ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ዐረዴቡ ይሻል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ቀለሆቹ ሮዝ ሆነዋል። እንደ ጥጃ ምላስ ሮዝ! ሎሚው የናሱን ቢጫ በልቶ መዳቡን ገልጦ አስቀርቶታል። እንዲበላው የተጠራበትን ጥላሸት ግን አልነካውም፤ ከአፋቸው ውስጥ ሆኖ ያየኛል። ሐዋ አንዱን አንስታ አገላበጠችና «ሂና የሚቀባው ሙሽራዋ ናት ወይስ ቀለሁ?» አለችኝ።

ሮዙን በአመድና በእርጥብ ጨርቅ አሽቼ አስለቀቅሁት። ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ የጣቶቼ ቆዳም አብሮ ሄደ። ገላቸው ወደ ቢጫነቱ ተመለሰ። ውስጣቸው ግን ያው ጥቁር ነው። የቀለህ አንገት ጠባብ ነው፤ ጨርቅ በእንጨት ጠምጥሜ ሳስገባ ጨርቁ ውስጥ ይቀርና እንጨቱ ብቻውን ይወጣል። ጨርቁን ለማውጣት ሽቦ ያስፈልጋል፤ ሽቦው ሲሰበር ጉጠት።

ያኔ ነው አንድ ምድጃ ያሠራኝ ጡረተኛ ወታደር ያጫወተኝ ትዝ ያለኝ። ቀለህ ደረቅ ገለባ በሞላው በርሜል ውስጥ ሲሽከረከር ቢውል ገለባው እያሸ እድፉን ይጠጣዋል ብሎኝ ነበር። ገለባ ነው ያለኝ። የማሽላ ገለባ ለማግኘት ግን እስከ ገበያው ዳር መሄድ ነበረብኝ፤ ከእግሬ ሥር ደግሞ ሰሊጥ ነበረ። በጥር ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ የሌለበት ቦታ የለም፤ ከጫማ ውስጥ ይወጣል፣ ከዳቦ ውስጥ ይወጣል፣ ከጆሮ ይወጣል። «ሰሊጥም ያው ደረቅ ነው፤ እንዲያውም ከገለባ ስለሚያንስ በጠባቡ አንገት ዘው ብሎ ይገባል» አልኩና ከመጋዘኑ ደጅ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠርጌ አመጣሁ። ሰሊጥ ዘይት እንዳለው ትዝ ያላለው ሰው በዚያ ከተማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያውም ስድስት ክረምት ሰሊጥ አጭጄ!

የሚሽከረከር በርሜል የለኝም። ውሃ የሚሸጥልን ሽማግሌ ዐም አደም ግን ካሮ አለው፤ የአህያ ጋሪ። የጋሪ ጎማ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል። ሰባቱን ቀለህና ሰሊጡን በባለክዳን ጣሳ አድርጌ ጎማው ላይ በሽቦ ጠፈርኩት። «አንተ ውሃህን ሽጥ፤ እሱ ይሽከረከርልኝ» አልኩት። ዐም አደም እምቢ ማለት የማያውቅ ደግ ሰው ነው። እምቢ ማለት የማያውቅና አላውቅም ማለት የማያውቅ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር እናንተው አስቡት።

አህያዋን ያማከረ የለም። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ቀለሆቹ ተንኳኩ፤ ጆሮዋን አቆመች። ሁለተኛ ሲዞር ወደኋላ አየች። በሦስተኛው፣ ዐም አደም ገና ልጓሙን ሳይጨብጥ፣ በዕድሜዋ ሮጣ የማታውቅ አህያ ገበያውን ሰንጥቃ በረረች። እሷ ስትሮጥ ጎማው ይፈጥናል፤ ጎማው ሲፈጥን ጣሳው ይጮሃል፤ ጣሳው ሲጮህ እሷን ይብስባታል። እኔ ከኋላ «የሙሽራ ነው! ያዙልኝ! የሙሽራ ነው!» እያልኩ እሮጣለሁ። መንገደኛው አህያዋ ለጥሎሽ የተገዛች መስሎት «መብሩክ! መብሩክ!»፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ እያለ እጁን ያነሳልኛል። መንገዱ ላይ ሰሊጥ ተዘርቷል፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ከኋላችን ተሰልፎ ይከተላል።

መናኸሪያው አጠገብ ደክሟት ቆመች። ክዳኑ ግማሽ ተከፍቷል። እየሳልኩ ጣሳውን ፈታሁና ቆጠርኩ። ስድስት።

ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ ከሆዴ ወጣ። አገር ሲለቀቅ ያልጠፋ፣ ሚስት ስትቀበር ያልጠፋ ቀለህ እኔ እጅ ገብቶ በሁለተኛ ቀኑ ጠፋ። ለአያ ደሴ ምን ብዬ ነው ስድስት የማስረክባቸው? የሳቁባቸው ሰዎች እንኳ ሰባት ብለው ነው የሳቁባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያን ሁሉ መንገድ ጎንበስ ብዬ፣ ከዶሮዎቹ ጋር እየተጋፋሁ፣ አፈሩን በጣቴ እያበጠርኩ ተመለስኩ። አጣሁት። ሱቄ ስደርስ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ሐዋ ከሻይ ብርጭቆዎቿ አንዱን አንስታ አስጨበጠችኝ። በውስጡ ቀለህ አለ። «ጋሪው ገና ሲነሳ ነው የወደቀ» አለችኝ። «ጠራሁህ፤ አንተ መቼ ሰው ትሰማለህ?» እጇን ልስም ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን የተናገረችኝ ሁሉ በአማርኛ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስድስቱን ተመለከትኳቸው። ሰሊጡ በፀሐዩና በግርግሩ ዘይቱን ተፍቶ፣ እኔ ከተውኩት እርጥብ አመድ ጋር ተቦክቶ፣ በየቀለሁ ውስጥ ተጠቅጥቋል። የተተኮሰ ቀለህ በባሩድ መልሰው የሚሞሉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። በሰሊጥ የሞላ ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

በሽቦ ቆፈርኩ፤ ጥቂት ወጣ፣ ብዙ ቀረ። «ሙቀት ያቀልጠዋል» አልኩና ስድስቱን የሐዋ ከሰል ዳር ደረደርኳቸው። የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ገበያውን አወደው። ሁለት ሰዎች ቁርስ አለ ብለው መጥተው ተቀመጡ። እዚያ የተደረደረው ቀለህ መሆኑን ሲያዩ ሻይም ሳይጠጡ ተነሥተው ሄዱ። የተጠቀጠቀው ነገር ደግሞ በመቅለጥ ፈንታ እንደ ሸክላ ደረቀ። አንዱ ቀለህ እስከ ወገቡ ተደፍኗል፣ አንዱ እስከ አንገቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ አንዱ ታቹ ብቻ። ሁለቱ እኩል የሆኑ የሉም።

ሲቀዘቅዙ የተረፈውን ብናኝ ላውጣ ብዬ የአንዱን አፍ ከታችኛው ከንፈሬ አስጠግቼ ባለ በሌለ ትንፋሼ እፍ አልኩበት። ፉጨት ወጣ! ጆሮ የሚበሳ ፉጨት! ሐዋ «ከሻ!» ብላ ጮኸችና ብርጭቆዎቿን በልብሷ ጠቅልላ ተነሣች። ከሻ ማለት ያለፈቃድ በየመንገዱ የሚሸጡትን የሚያባርር አፈሳ ነው፤ ሲመጣ በፊሽካ ነው። የመንገዱ ሻይ ሻጮች ሁሉ በርጩማቸውን እያንጠለጠሉ ተበተኑ። በአንድ ትንፋሽ ሠፈሩን ባዶ አደረግሁት። ሐዋ ነገሩን አጣርታ ስትመለስ ያለችኝን አረብኛ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ቅዳሜ ውጫቸውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ። ሰባተኛው፣ ቀድሞ የወደቀው፣ የሰሊጡ መከራ ስላልደረሰበት ውስጡ እንደ ጥንቱ ባዶ ነው፤ ጥላሸቱም ደርቆ ታቹ ተቀምጧል። አፉን ጠራረግሁና ከዚህ በላይ ብነካው አጠፋዋለሁ ብዬ ተውኩት። አስተዋይነት ቅዳሜ ማታ መጣችልኝ።

እሑድ በጠዋት ቦክስ በሚሏት ፒክአፕ መኪና ተጭኜ ባሱንዳ ገባሁ። ሰባቱን በቀይ ክር ሰክቼ በንጹሕ መሐረብ ይዣለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሎሚ አለ። ዳሱ ከማሽላ አገዳ የተሠራ ነው። ሰው ሞልቷል። አያ ደሴ በታጠበ ጋቢ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል።

ክሩን ተቀበሉኝ። አንዱን ቀለህ በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነው። ፊታቸው በራ። «ጠርቷል እኮ!» አሉ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ያን ፊት እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። «አያ ደሴ» አልኩ፣ «ከውጭ ነው የጠራው። ውስጡን… አላውቅም ነበር። አውቃለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።» ቃሏ ወጣች! ከወጣች በኋላ ሌላው ሁሉ ተከተላት። ሎሚውን፣ ሮዙን፣ ሰሊጡን፣ አህያዋን፣ የጠፋውን ሰባተኛ፣ ሐዋን፣ ፉጨቱን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

አያ ደሴ ክሩን በመዳፋቸው አገላበጡት። ከዚያ «አህያዪቱ ደኅና ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት። ጣሳ ስታይ ብቻ ትቆማለች።»

«እግዜር ይመስገን» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ያፏጫል ነው ያልከኝ?»

«ያፏጫል።»

ዞር ብለው ዳሱን አዩት። «ባገር ቢሆን ሙሽራ ሲነሣ ይተኮስ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ከተኩስ የሸሸ ነው። አንድ ጥይት ቢሰማ ልጁን አዝሎ ይሮጣል። ልጄን ጭር ባለ ደጅ ልሸኛት መሆኑ ነበር ትላንት እንቅልፍ የነሣኝ።» ይህን ብለው ቀዩን ክር ፈቱት።

ስድስቱን የሰሊጥ ቀለሆች ለአምስት ሽማግሌዎችና ለእኔ አከፋፈሉን። ሰባተኛውን ለራሳቸው አስቀሩ። ሙሽራዋ ጥሩወርቅ ከሙሽራው ጎን ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ነጭ፣ እጆቿ አጫጅ የነበረች ሰው እጆች። አባቷ ከፊቷ ቆሙና «ልጄ» አሉ፣ «ስትወለጅ ሰባት ጊዜ ተኩሼልሽ ነበር። ዛሬ የሚፈራ ሰው እንዳይኖር በትንፋሽ ነው።»

የመጀመሪያው ሽማግሌ ነፉ። ቀጭን ፉጨት ወጣ። «አንድ» አሉ አያ ደሴ ጣታቸውን አጥፈው። ሁለተኛው ሲነፉ ወፍራም ሆነ። ሦስተኛው ከሁለቱ መሐል። ቀለሆቹ ውስጥ የቀረው ሰሊጥ እኩል ስላልነበረ አንዱም ድምፅ ከሌላው አይገጥምም፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ያነሣል። ከዳሱ ጥግ አንዲት አሮጊት «እምቢልታ ነው እኮ!» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በጎንደር እምቢልታ የሰሙ መሆን አለባቸው። አራት፣ አምስት። ስድስተኛው የእኔ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም።

«ስድስት» አሉ አያ ደሴ። ሰባተኛውን ወደ ከንፈራቸው ወስደው ነፉ። አልጮኸም። ደገሙት። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ ከንፈር ቀለህ አይፏጭም። አያ ደሴ ቀለሁን አንዴ እኛን አንዴ እያዩ መሐል ቆመው ቀሩ።

ጥሩወርቅ ተነሣች። «አባዬ፣ አምጣው» አለች። ቀለሁን ከእጃቸው ወስዳ ከንፈሯ ላይ አደረገችና ነፋችው። ከስድስቱ ሁሉ የረዘመና የጠራ ድምፅ ወጣ። ከድምፁ ጋር ከቀለሁ ታች የቀረው ጥላሸት እፍ ብሎ ተነሣና ነጭ ቀሚሷ ላይ፣ ከደረቷ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ ሆኖ አረፈ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሎሚዬን ከኪሴ አውጥቼ እየተደናቀፍኩ ሮጥኩ።

«ጋሼ» አለችኝ ጥሩወርቅ፣ ጥቁሯን ነጥብ በመዳፏ ሸፍና፣ «ሎሚህን ኪስህ ክተት። ይቺ እኔ ስወለድ የጨሰች ናት፤ አትነካብኝ።»

አያ ደሴ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሰባተኛውን ጣታቸውን አጠፉ።

«ሰባት» አሉ።